የኤሌክትሪክ ቼንሶው አጠቃቀም፦ ስፒናውን ከመሰካት እስከ ሞረዱ

የቤንዚን ቼንሶው ሲነሳ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ጩኸቱና ጭሱ ብቻ ሰውን ያርቃል። የኤሌክትሪኩ ግን ስፒናው ተሰክቶም ትንፍሽ አይልም። ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። ለዚህም ነው ሰው የሚንቀው። ልጅ አጠገቡ ይጫወታል፤ ጎረቤት የቡና ስኒ እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ያየዋል፤ ባለቤቱም በነጠላ ጫማ ሆኖ «አንዷን ብቻ ልቁረጣት» ይላል።

ሰንሰለቱ ግን ያው ሰንሰለት ነው። በሴኮንድ ከ10 እስከ 15 ሜትር ይሮጣል። እንጨትና ሥጋ አይለይም።

ይህን የምጽፈው ግቢው ውስጥ የወደቀ ባሕር ዛፍ ወይም ለማገዶ የመጣ ግንድ በኤሌክትሪክ ቼንሶው መቆራረጥ ለሚፈልግ ሰው ነው። የቆመ ትልቅ ዛፍ መጣል ሌላ ሙያ ነው። እሱን ወደ መጨረሻው በአጭሩ እነካዋለሁ፤ መልሱም ባብዛኛው «ተዉት» ነው።

መሣሪያውን እወቁት

ሶኬት ላይ የሚሰካው ቼንሶው ባብዛኛው ከ1800 እስከ 2400 ዋት ነው። መሪ ብረቱ 35 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። መሪ ብረት የምለው ሰንሰለቱ ዙሪያውን የሚሮጥበትን ረጅም ጠፍጣፋ ብረት ነው። በባትሪ የሚሠሩም አሉ። ቀለል ይላሉ፣ ገመድም የላቸውም። የመቁረጥ ሕጉ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

የኋላ እጀታው ላይ በጣት የሚሳብ ማስነሻ አለ። ከላዩ ወይም ከጎኑ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። እሷ ካልተጫነች ማስነሻው አይሠራም። «ጣት ታደክማለች» ብለው ይህችን ቁልፍ በፕላስተር ወይም በላስቲክ የሚያስሩ አሉ። እንዲህ የታሰረ ቼንሶው ካያችሁ ወዲያው ፍቱት። ቁልፏ የተሠራችው መጋዙ ሳታስቡት እንዳይነሳ ነው።

ከፊት እጀታው ፊት የቆመች ሰፊ ፕላስቲክም አለች። ብዙ ሰው እጅን ከስንጥር ለመከላከል ብቻ የተቀመጠች ይመስለዋል። እሷ የሰንሰለቱ ፍሬን ናት። ወደ ፊት ስትገፋ ፍሬኑ ይይዛል፤ ወደ እጀታው ስትሳብ ይለቃል። ዝቅ ብዬ ስለ ርግጫ፣ መጋዙ ድንገት ወደ ሰው ስለሚወረወርበት ነገር፣ ሳወራ ለምን እንደምታስፈልግ ይገባችኋል።

በነገራችን ላይ፣ ገበያው ውስጥ ግራይንደር ላይ የሚገጠም የቼንሶው ብረት ከነሰንሰለቱ ይሸጣል። ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። አትግዙት። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል። የሰንሰለት ፍሬን የለውም። ለሁለት እጅ የሚመች የቼንሶው እጀታም የለውም። ሰንሰለቱ ቢበጠስ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ዕቃ «በጥንቃቄ ከተያዘ ምንም አይልም» የሚለውን ወሬ እኔ አልቀበልም።

1. ልብስ

መነጽር ግዴታ ነው። የፀሐይ መነጽር አይደለም፤ ከጎንም የሚሸፍን የሥራ መነጽር። ድምፁ ከቤንዚኑ ያንሳል እንጂ ሥራ ላይ ከ85 ዴሲቤል በላይ ስለሚወጣ ጆሮም ይሸፈን። ወፍራም ረጅም ሱሪና ጫፉ ብረት ያለው ሴፍቲ ጫማ ልበሱ። ጓንቱ እጅ ላይ ልክ የሚሆን ይሁን፤ ሰፊ ጓንት እጀታ ላይ ይንሸራተታል።

የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ ይውለቅ። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የአንገት ሐብል፣ የመታወቂያ ማንጠልጠያ፣ የሹራብ ኮፍያ ገመድ። ረጅም ጸጉር ተጠቅልሎ ይታሰር።

ለቼንሶው ተብሎ የሚሠራ ሱሪም አለ። ውስጡ ያሉት ክሮች ሲቆረጡ ተመዘው ሰንሰለቱን ተብትበው ያቆማሉ። ካገኛችሁት ልበሱት። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከመነሻው ጉልበት ስላለው ክሮቹ የቤንዚኑን ያህል ላያቆሙት ይችላሉ። ሱሪውን ተማምናችሁ እግራችሁን አታቅርቡ።

2. ኤሌክትሪኩ

2000 ዋት የሆነ ቼንሶው በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባል። ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጀር የተገዛ ቀጭን ዲቫይደር ይህን አይችልም። መጀመሪያ ገመዱ ይሞቃል። ቀጥሎ ስፒናው ዙሪያ ይጠቁራል። ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታችኋል። በዚህ መካከል መጋዙም ኃይል እያነሰው ሞተሩ ይጎዳል።

ማራዘሚያ ስትገዙ ገመዱ ላይ የታተመውን ቁጥር አንብቡ። እስከ 25 ሜትር ድረስ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ከዚያ በላይ እስከ 50 ሜትር ከሆነ 2.5 ይሁን። ሻጩ «ይሄም ያው ነው» ቢል አትስሙት፤ ቁጥሩ ገመዱ ላይ አለ። ማራዘሚያው በጥቅል የሚመጣ ከሆነ ደግሞ አምስት ሜትር ብቻ ቢያስፈልጋችሁም ሙሉ በሙሉ ዘርጉት። ተጠቅልሎ ሲሠራ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ላስቲኩ ይቀልጣል።

የቼንሶው ስፒና ባብዛኛው የምድር ሽቦ የለውም። መሣሪያው ድርብ መከለያ ስላለው ነው። ስሙ የተጻፈበት ልጥፍ ላይ በካሬ ውስጥ ያለች ትንሽ ካሬ ታያላችሁ፤ ምልክቱ እሱ ነው። ችግሩ ሰንሰለቱ ገመዱን ቢቆርጥ ይህ መከለያ አያድናችሁም። ቆጣሪው አጠገብ ያለው ተራ ብሬከርም በዋናነት የሚጠብቀው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ሰውን ኤሌክትሪክ ሲይዘው ላይወርድ ይችላል። ሰውን የሚያድነው አር ሲ ዲ የሚባለው፣ 30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ ሲያይ የሚያቋርጠው ነው። ቤታችሁ ውስጥ ካለ ላዩ ላይ «ቲ» የሚል የመሞከሪያ ቁልፍ አለው። ተጫኑት፤ መውረድ አለበት። ከሌለ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስገጥሙ። ሶኬት ላይ የሚሰካ ተንቀሳቃሽም አለ። ለቼንሶው ብላችሁ ብታስገጥሙት ለምጣዱም ለልብስ ማጠቢያውም ይሆናል።

አሁን ለእኛ ሀገር ሰው ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ነጥብ። መጋዙ ግንድ ውስጥ ገብቶ እየቆረጠ መብራት ይጠፋል። ሰው ምን ያደርጋል? ቆሞ ይጠብቃል። ወይም መጋዙን እዚያው ትቶ ጎረቤት ጠፍቶ እንደሆነ ሊያይ ይሄዳል። ቁልፏና ማስነሻው አብረው የታሰሩ ከሆኑማ መብራት ሲመጣ መጋዙ ብቻውን ይነሳል። ባይታሰሩም ማስነሻውን እንደያዘ የሚጠብቅ ሰው ሳያስብ መጋዙ ይነሳበታል። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ማስነሻውን ልቀቁ፣ ፍሬኑን ወደ ፊት ግፉ፣ ስፒናውን ንቀሉ። ከዚያ የፈለጋችሁትን አጣሩ። ኃይል ሲያንስም እንዲሁ ነው። የመጋዙ ድምፅ ከወትሮው ከወፈረና ሰንሰለቱ ከተጎተተ አቁሙ። ሞተሩ የሚቃጠለው እንዲህ እያለ ነው።

ገመዱ ሁልጊዜ ከኋላችሁ ይምጣ። አንዳንዱ መጋዝ የኋላ እጀታው ላይ ገመዱ የሚጠመዘዝበት ቦታ አለው፤ ገመዱን ጠምዝዙበት፣ ሲጎተት ስፒናው አይነቀልም። ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር ገመዱ የት እንዳለ በዓይናችሁ ፈልጉት። ድንገት ብትቆርጡት የተቆረጠውን ገመድ አታንሱ። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ፣ ከዚያ ስፒናውን ንቀሉ። በፕላስተር ጠቅልሎ መቀጠል የለም።

ዝናብ ሲዘንብ፣ ሣሩ ሲረጥብ፣ ግንዱ ውኃ ሲያንጠባጥብ ሥራ የለም። ክረምት ላይ ፀሐይ የወጣችበትን ቀን ጠብቁ።

3. ሰንሰለቱና ዘይቱ

ሰንሰለቱን ከመንካታችሁ በፊት ስፒናው ተነቅሎ መሬት ላይ ሲቀመጥ በዓይናችሁ እዩ። የባትሪው ከሆነ ባትሪው ወጥቶ ኪስ ውስጥ ይግባ። ጓንት አድርጉ። የቆመ ሰንሰለትም ይቆርጣል።

አቅጣጫውን እዩ። መሪ ብረቱ ላይኛው በኩል ያሉት ጥርሶች ስለታቸው ወደ ጫፉ ያይ። ተገልብጦ የተገጠመ ሰንሰለት ይሽከረከራል፣ ይጨሳል፣ አይቆርጥም። ሰውም «ይሄ ቻይና ሠራሽ» ብሎ መሣሪያውን ይሰድበዋል።

ውጥረቱን ለመለካት ሰንሰለቱን ከመሪ ብረቱ መሃል በሁለት ጣት ያዙና ሳቡት። ትንሽ ከፍ ይበል። የታችኛው ጥርሱ ግን ከቦዩ ሙሉ በሙሉ አይውጣ። ስትለቁት ጠብ ብሎ ይመለስ። ታች በኩል ተንጠልጥሎ የሚታይ ከሆነ ላልቷል። በእጅ ስትጎትቱት አልሄድ ካለ ጠብቋል። ለማስተካከል የጎን ዳዶውን በትንሹ አላሉ፤ የመሪ ብረቱን ጫፍ በአንድ እጅ ወደ ላይ ደግፉ፤ የማወጠሪያዋን ብሎን በካቻቪቴ አዙሩ፤ ከዚያ ጫፉን ሳትለቁ ዳዶውን አጥብቁ። አዲስ ሰንሰለት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቁርጦች ይለጠጣል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እዩት። የሞቀ ሰንሰለት አጥብቃችሁ ማታ አትተዉት። ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ብረቱን ያንቀዋል።

ዘይት። ለሰንሰለት ተብሎ የሚሸጠው የሚያጣብቅ ዘይት ከሁሉ ይሻላል። ካጣችሁ ንጹሕ የአትክልት ዘይት ለአጭር ሥራ ይሆናል፤ ውስጡ እንዳይደርቅ ስትጨርሱ አውጡት። ከጋራዥ በነፃ የሚገኘውን የተቃጠለ ዘይት ግን አትጨምሩ። ውስጡ የብረት ብናኝ አለ፤ የዘይት መምጫዋን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ሰንሰለቱ ደግሞ ዘይቱን ረጭቶ ነው የሚሠራው። ያ ነገር ፊታችሁ ላይና በምታነዱት እንጨት ላይ ነው የሚያርፈው። ለካንሰር የሚያጋልጡ ነገሮች አሉበት።

ዘይቱ መምጣቱን ለማወቅ ስፒናውን ሰኩ፤ ጫፉን ከካርቶን በላይ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ትንሽ አዙሩት። ካርቶኑ ላይ ቀጭን የዘይት መስመር ከታየ ደህና ነው። ጋኑ ትንሽ ነው። በየ15 ደቂቃው መስኮቷን እዩ።

በዚያው ፍሬኑን ሞክሩት። መጋዙን በሁለት እጅ ያዙ፣ አስነሱት፣ እጀታውን ሳትለቁ በግራ አንጓችሁ መከላከያዋን ወደ ፊት ግፉ። ሰንሰለቱ ቀጥ ማለት አለበት። እየተንከባለለ ከቆመ መጋዙ ለሥራ አልደረሰም።

4. ቦታውና ግንዱ

ልጆችና ውሻው ቤት ይግቡ። የሚያግዛችሁ ሰው ቢያንስ አምስት ሜትር ይራቅ። «ግንዱን ልያዝልህ» የሚል ደግ ሰው አይጠፋም። አይያዝ። ግንድ የሚይዘው ማስቀመጫ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ በ«ኤክስ» ቅርጽ የተጋጠሙ እንጨቶች ይበቃሉ። ብቻችሁን ግን አትሥሩ። ጩኸታችሁን የሚሰማ ሰው ግቢ ውስጥ ይኑር።

እግራችሁ ሥር ያለውን ቅርንጫፍና ድንጋይ ጥረጉ። ከዚያ ግንዱን ዙሪያውን እዩ። ከግንባታ የወረደ የባሕር ዛፍ አጠና ከሆነ ሚስማር አለበት፤ የለም ብላችሁ አትጀምሩ። በጣት እየዳሰሳችሁ ንቀሉ። የግቢ ዛፍ ከሆነ ደግሞ ልብስ ማስጫ ሽቦ ወይም የአጥር ሽቦ ዛፉ እያደገ ውጦት ሊሆን ይችላል። ከውጭ የሚታየው ልጡ ላይ ያለች ዙሪያዋን የገባች ጠባሳና አንዳንዴ ከዝገት የጠቆረ እንጨት ብቻ ነው። እዚያ ቦታ ላይ አትቁረጡ፤ አንድ ክንድ ራቁ። ሰንሰለት ብረት ሲያገኝ ወይ ጥርሱ ይረግፋል ወይ ይበጠሳል።

5. አያያዝና አቋቋም

ቀኝ እጅ የኋላ እጀታ፣ ግራ እጅ የፊት እጀታ። ግራኝ ብትሆኑም እንዲሁ ነው፤ መጋዙ የተሠራው ለዚህ አያያዝ ነው። የግራ እጅ አውራ ጣት ከእጀታው ሥር ዞሮ ይጨብጥ። ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ከላይ ከተቀመጠ መጋዙ ሲነሳ እጃችሁ ላይ አይቀርም። የግራ ክርን ቀጥ ይበል።

እግር ከፈት፣ ግራው ትንሽ ቀደም። ሰውነታችሁ ከመጋዙ ትክክል ኋላ አይሁን። ትንሽ ወደ ግራ ቁሙ፤ መጋዙ ድንገት ቢነሳ በቀኝ ትከሻችሁ በኩል እንዲያልፍ። ስፒናውን ሳትሰኩ ይህን አቋቋም ተለማመዱት። መስታወት ፊት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቢስቁባችሁም ይሳቁ።

ከትከሻ በላይ መቁረጥ የለም። መሰላል ላይ ቆሞ መቁረጥ የለም። በአንድ እጅ መቁረጥም የለም።

ስለ ርግጫ

ከሁሉም አደጋ ይህኛውን አስረግጬ ልንገራችሁ። የመሪ ብረቱ ጫፍ ክብ ነው። ያን ክብ በሐሳባችሁ ለአራት ክፈሉት። አደጋው ያለው ከላይና ከፊት ባለው ሩብ ላይ ነው። እዚያ ያሉት ጥርሶች ጠንካራ ነገር ሲነኩ መቁረጥ ከሚችሉት በላይ ይነክሳሉ። ሰንሰለቱ መሄድ ያቅተዋል። የሞተሩ ጉልበት ግን የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ስለዚህ መጋዙ ራሱ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደ ፊታችሁና ወደ አንገታችሁ ይወረወራል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። «ፈጣን ነኝ፣ እይዘዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። ማንም አይደርስበትም።

ፍሬኑ የተሠራው ለዚህች ቅጽበት ነው። መጋዙ ሲወረወር የግራ አንጓችሁ መከላከያዋን ይመታል፣ ሰንሰለቱም ይቆማል። ዘመናዊዎቹ ላይ የመወርወሩ ኃይል ራሱ ፍሬኑን ይስበዋል። ፍሬኑ ግን ሁለተኛ መከላከያ ነው። የመጀመሪያው ጫፉን ምንም ነገር እንዳይነካ ማድረግ ነው።

ጫፉ የሚነካው ደግሞ ባብዛኛው ያላያችሁትን ነገር ነው። ከምትቆርጡት ግንድ ኋላ ያለ ሌላ ግንድ፣ ቅጠል ውስጥ የተደበቀ ቅርንጫፍ፣ ክምሩ ውስጥ ያለ ጉቶ። ስለዚህ ከእንጨት ክምር ላይ አትቁረጡ፤ አንድ በአንድ እያወጣችሁ ነው። ለጀማሪ አንድ ነገር ይረዳል። ስፒናው ተነቅሎ ያንን ሩብ በመሪ ብረቱ ጎን ላይ በቀይ ማርከር አቅልሙት። ዓይን ይለምደዋል።

ሌላም መንገድ አለ። ቁርጡ ሲዘጋና የመሪ ብረቱን የላይኛውን ጠርዝ ሲቆነጥጠው መጋዙ ቀጥታ ወደ እናንተ ይገፋል። ይህ ከግንዱ አቀማመጥ ይመጣል፤ እሱን አሁን እናየዋለን።

6. መቁረጥ

ሰንሰለቱ እንጨቱን ከመንካቱ በፊት በሙሉ ፍጥነት ይዙር። መጋዙ ሞተሩ አጠገብ ብረት ጥርሶች ካሉት እነሱን ግንዱ ላይ አስደግፉ፤ ከዚያ የኋላ እጀታውን ቀስ ብላችሁ አንሱ። መጋዙ በራሱ ክብደት ይወርዳል። መጫን አያስፈልግም። በታችኛው ጠርዝ ስትቆርጡ መጋዙ ከእናንተ ወደ ግንዱ ይሳባል፤ በላይኛው ጠርዝ ስትቆርጡ ወደ እናንተ ይገፋል። ይህን ካወቃችሁ አያስደነግጣችሁም።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ግንድ ሲቆረጥ የትኛው ወገኑ ይዘጋል፣ የትኛው ይከፈታል?

ግንዱ አንድ ጫፉ ብቻ ተደግፎ ሌላው በአየር ላይ ከሆነ፣ የሚንጠለጠለው ክፍል ወደ ታች ይከብዳል። ላይኛው ወገን ይወጠራል፣ ታችኛው ይጨመቃል። መጀመሪያ ከታች አንድ ሦስተኛ ያህል ቁረጡ። ከዚያ ከላይ ጨርሱት። ቁራጩ ጥርት ብሎ ይወድቃል። ከላይ ብቻ ብትቆርጡት መጨረሻው ላይ ተሰንጥቆ ይገነጠላል።

ሁለቱም ጫፎቹ ተደግፈው መሃሉ ባዶ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን የሚጨመቀው ላይኛው ነው። ከላይ አንድ ሦስተኛ ቁረጡ፤ የቀረውን ከታች ወደ ላይ ጨርሱት። ከላይ ብቻ ከቀጠላችሁ ቁርጡ ይዘጋና መጋዙን እንደ ጉጠት ይይዘዋል።

ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ የተኛ ከሆነ ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አስገቡ። ሰንሰለቱ አፈር እንዳይነካ ነው። አፈር ስለቱን በሴኮንዶች ውስጥ ያጠፋዋል። ማንሳት ካልቻላችሁ እስከ ሁለት ሦስተኛ ቁረጡና ግንዱን ገልብጣችሁ ከሌላው ወገን ጨርሱ።

ባሕር ዛፍ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። እርጥቡ ግንድ በውስጡ ከእድገቱ ጀምሮ የታመቀ ውጥረት አለው። ለዚህ ነው የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጫፉ ላይ በኮከብ ቅርጽ የሚሰነጠቀው። ስትቆርጡት አንዳንዴ ሳይታሰብ ጠሽ ብሎ ይፈነጠራል ወይም ሰንሰለቱን ይይዛል። በዝግታ ቁረጡ፤ ቁርጡ እየጠበበ መሆኑን በዓይናችሁ ተከታተሉ። ወፈር ላለው ግንድ ሰንሰለቱ ካለፈ በኋላ ከኋላው የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሽብልቅ አስገቡ። የብረት ሽብልቅ አይሆንም። ወይራ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ጥንካሬው ነው። ጊዜ ይወስዳል። መሃል ላይ ሞተሩን አሳርፉት።

መጨረሻዋ ላይ፣ ግንዱ ሊቆረጥ ሁለት ጣት ሲቀረው፣ ግፊቱን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ሰው ራሱን የሚቆርጠው ባብዛኛው እዚህ ጋ ነው፤ እየተጫነ ሲሠራ እንጨቱ ያልቅና መጋዙ ወደ እግሩ ይወርዳል። ማስነሻውን ከለቀቃችሁ በኋላም ሰንሰለቱ ትንሽ ሊዞር ይችላል። እስኪቆም ድረስ አታንቀሳቅሱት። ከአንድ ቁርጥ ወደ ሌላው ስትራመዱ ፍሬኑ ተይዞ፣ ጣት ከማስነሻው ወጥቶ፣ ጫፉ ወደ ፊት ይሁን።

መጋዙ ተይዞ ከቀረ አስነስታችሁ ለማውጣት አትታገሉ። ስፒናውን ንቀሉ፣ ግንዱን በሽብልቅ ወይም በማንሻ እንጨት ክፈቱ፣ ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት።

የወደቀ ዛፍ ቅርንጫፍ ስትመለምሉ ግንዱ በእናንተና በመጋዙ መካከል ይሁን። መሬት ተደግፈው ግንዱን የያዙትን ቅርንጫፎች መጨረሻ ላይ ተዉአቸው። ቦታው ተዳፋት ከሆነ ሁልጊዜ ከላይ በኩል ቁሙ። እንደ ቀስት ታጥፎ የተወጠረ ቅርንጫፍ ካያችሁ በአንድ ምት አትበጥሱት። በታጠፈው ውስጠኛ ወገን ቀስ እያላችሁ ትንሽ ትንሽ እየነካካችሁ ውጥረቱን አርግቡ። ይህ ከከበዳችሁ በእጅ መጋዝ ቁረጡት።

የቆመ ዛፍ

ከክንድ የወፈረ የቆመ ዛፍ በቤት ቼንሶው አትጣሉ። የሚወድቅበትን አቅጣጫ መወሰን፣ ማጠፊያ እንጨት መተው፣ ማምለጫ መንገድ ማዘጋጀት በጽሑፍ አይለመድም። የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ከሆነ ደግሞ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ባለሙያ ሳይመጣ ማንም አይንካው። ሀገር በቀል ዛፍ ከሆነ፣ ዝግባም ይሁን ጽድ፣ አስቀድማችሁ ቀበሌ ወይም ወረዳ ጠይቁ።

ጉዳት ከደረሰ

በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ በኃይል ተጫኑ። አትልቀቁ። ጨርቁ ቢርስ አታንሱት፤ በላዩ ሌላ ጨምሩ። የተጎዳው ይተኛ። ሌላ ሰው የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጥራ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939ም አለ። ቡና ወይም አፈር ቁስል ላይ መነስነስ ቁስሉን ያመረቅዘዋል፤ ሐኪሙንም ያስቸግራል።

7. ከሥራ በኋላ፣ ከሞረዱ ጋር

ስፒናውን ንቀሉ። የጎን ክዳኑን ክፈቱና በዘይት የተለወሰውን ሰጋቱራ በብሩሽ ጥረጉ። የመሪ ብረቱን ቦይና የዘይቷን ቀዳዳ በቀጭን እንጨት አጽዱ። ሽፋኑን አልብሱት።

ሰንሰለቱ መዶልዶሙን የሚነግራችሁ ራሱ ሰጋቱራው ነው። ስለታም ሰንሰለት ወፈር ወፈር ያለ ፍቅፋቂ ይጥላል። የዶለዶመ ዱቄት ነው የሚያወጣው፤ ይጨሳል፣ ቁርጡም ወደ አንድ ወገን ይጣመማል። ያኔ ነው ሰው መጫን የሚጀምረው፣ አደጋውም የሚመጣው።

ለአብዛኛው የቤት ኤሌክትሪክ ቼንሶው የሚሆነው ክብ ሞረድ 4 ሚሊ ሜትር ነው። የመሣሪያው መመሪያ ላይ አረጋግጡ። መሪ ብረቱን በማሰሪያ አጥብቁ፣ ፍሬኑን ያዙ። ሞረዱን ጥርሱ ላይ በተሰመረችው መስመር ልክ፣ ብዙ ጊዜ 30 ዲግሪ ያህል፣ አስቀምጡ። ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ግፉ፤ ስትመልሱት አንሱት። ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ቁጥር ስጡ። ሁለት ወይም ሦስት ግፊት ይበቃል። የአንዱን ወገን ጥርሶች ጨርሳችሁ መሪ ብረቱን አዙሩና የሌላውን ቀጥሉ። የጀመራችሁበትን ጥርስ በማርከር ምልክት አድርጉበት።

ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ያለችው ጉብታ ጥርሱ ምን ያህል እንደሚነክስ የምትወስን ናት። ጥርሱ እየተሞረደ ሲያጥር እሷም በጠፍጣፋ ሞረድ ትንሽ ትቀነስ። ከስለቱ ዝቅ የምትለው ወደ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በዓይን አይለካም፣ መለኪያ ብረት አለው። «በደንብ እንዲነክስ» ብላችሁ ብዙ ከቆረጣችኋት ርግጫውን ራሳችሁ ጨመራችሁት።

ትርፍ ሰንሰለት መግዛት ከፈለጋችሁ ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ የሰንሰለቱ እርምጃ (በማያያዣ ሚስማሮቹ መካከል ያለው አማካይ ርቀት)፣ ቦዩ ውስጥ የሚገባው ክፍል ውፍረት፣ የታች ጥርሶቹ ብዛት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ መሪ ብረቱ ላይ ሞተሩ በኩል ተቀርጸዋል። ታጥቦ ንጹሕ ሲሆን ፎቶ አንሱትና ስልካችሁ ውስጥ ይቀመጥ። ሦስተኛውን አሮጌውን ሰንሰለት ዘርግታችሁ ቁጠሩት።